ጉም የሚይዝ መረብ አሠራር፦ ከአንድ ካሬ ሜትር ሙከራ እስከ መጠጥ ውሃ

«ከአየር ላይ ውሃ ማውጣት የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አንዱ ዶርዜ ላይ የተተከለውን የቀርከሃ ግንብ ፎቶ አይቶ ይጠይቃል። ሌላዋ እናቷ አሁንም ገደል ወርደው ውሃ ስለሚቀዱ ትጠይቃለች። ከዱባይ የሚጽፍልኝም አለ፤ የእሱ ጥያቄ ከኤሲ (ከቤት አየር ማቀዝቀዣ) የሚንጠባጠበው ውሃ ይጠጣል ወይ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መጻፍ ስለደከመኝ ሁሉንም እዚሁ ዘረዘርኩት።

አጭሩ መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ቦታ ይመርጣል። እዚህ የማሳያችሁ ጉምን በመረብ መያዝ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ሞተር የለውም፣ አብዛኛው ዕቃ ከተራ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል።

ቦታችሁ ለዚህ ይሆናል?

ቆላ ያላችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ፤ ብራችሁን ያድንላችኋል። ደረቅ አየር ውስጥም ውሃ አለ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 12 ግራም ውሃ ይዟል። ችግሩ ይህ ውሃ እንፋሎት መሆኑ ነው። ጠብታ እንዲሆን አየሩን እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ማሽንና መብራት ይጠይቃል። መረብ እንፋሎት አይዝም። አፋር ሜዳ ላይ መረብ ብትዘረጉ የምትሰበስቡት አቧራ ነው።

ጉም ሌላ ነገር ነው። አየሩ ራሱ ቀዝቅዞ፣ እንፋሎቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ተለውጦ፣ ሥራው ግማሽ አልቆ ነው የሚመጣው። የእኛ ድርሻ መንገዱ ላይ መረብ መዘርጋት ነው። ነፋሱ ጠብታዎቹን ከክሩ ጋር ያላትማቸዋል። ክሩ ላይ ይጣበቃሉ፣ ይደማመራሉ፣ ሲከብዱ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አብረው ያስፈልጋሉ፦ ጉምና ነፋስ። ጠዋት ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚበተን ጉም ብዙ ውሃ አይሰጥም፤ አይንቀሳቀስምና። የሚፈለገው ገደል አፋፍ ላይ የሚያልፈው ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣርማ በር አካባቢ ሹፌሩ በእኩለ ቀን መብራት አብርቶ የሚያዘግምበትን ቦታ አስቡት። ከቆላው የሚመጣ እርጥብ ነፋስ ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ዝናብ በሌለበት ወር ሰዉ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ሲወርድ ውሃው በአናቱ ላይ ያልፋል።

ምን ያህል ይገኛል ለሚለው ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። አንድ ሜትር ኩብ ጉም 0.2 ግራም ፈሳሽ ውሃ አለው እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ቢሆን፣ በ1 ካሬ ሜትር መረብ በኩል በሰዓት ወደ 2.9 ሊትር ውሃ ያልፋል። መረቡ ከዚያ አምስት እጅ አንዱን ቢይዝ ግማሽ ሊትር ከፍ ያለ ነው። ጉሙ ስድስት ሰዓት ከቆየ ከሦስት ሊትር በላይ አገኛችሁ ማለት ነው። ነፋሱ ወይም ጉሙ ከሳሳ ደግሞ ይህ ሁሉ ወደ አንድ ሲኒ ይወርዳል። ለዚህ ነው ትልቅ መረብ ከመትከላችሁ በፊት በትንሹ መሞከር የግድ የሚሆነው። ይህን የሚዘል ሰው አያልቅም፣ የሚያዝንም አያልቅም።

ለሙከራው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሼድ ኔት፣ 35 በመቶ ጥላ የሚሰጠው፣ 1.2 በ2.5 ሜትር (ለሁለት ታጥፎ ድርብ ይሆናል)
- 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፍሬም፤ የብረት ቢሆን ይሻላል፣ የእንጨትም ይሠራል
- 4 ሜትር የሚረዝም የባህር ዛፍ አጠና፣ ሁለት
- ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ፣ 1.2 ሜትር፣ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ግማሽ አሸንዳ ይሆናል
- ለአሸንዳው ጫፎች ሁለት መድፈኛ፣ ሲልከን
- ባለ ግማሽ ኢንች ጎማ፣ 3 ሜትር
- ከዚህ በፊት ዘይትም ሆነ ጋዝ ያልነካው 20 ሊትር ጀሪካን
- የማይዝግ ሽቦ፣ ናይለን ገመድ፣ አራት ካስማ
- ውሃ ልክ፣ ፒንሳ፣ መጋዝ፣ ዶማ
- የተቆረጠ ሃይላንድ (የዝናብ መለኪያ)፣ ደብተርና እስክሪብቶ

መረቡ ላይ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከአበባ እርሻ የወጣ አሮጌ ሼድ ኔት በርካሽ ይሸጣል። አትግዙ። ለዓመታት ፀረ ተባይ ሲረጭበት የኖረ ሊሆን ይችላል፣ እና አጥቤዋለሁ ማለት ዋስትና አይሆንም። የምትጠጡት ውሃ በእያንዳንዱ ክር ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው። ጥቅጥቅ ያለውን፣ 80 በመቶ የሚያጠላውን ደግሞ «ብዙ ይይዛል» ብላችሁ አትምረጡ። ነፋሱ በመረቡ ማለፍ ሲያቅተው ዙሮ በጎን ይሄዳል፣ ጠብታዎቹንም ይዟቸው ይሄዳል።

አሠራሩ

1. ነፋሱን እወቁ። አጠናው ጫፍ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አስሩና ጉም በሚመጣበት ሰዓት ወደየት እንደሚሄድ ለጥቂት ቀናት ተመልከቱ። ጉም የሚያመጣው ነፋስ ከሰዓት ከሚነፍሰው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ከብት ጠባቂ ልጆችን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ ያውቁታል።

2. ቦታውን ምረጡ። በነፋሱ መምጫ በኩል ዛፍ፣ ቤት ወይም ጉብታ አይኑር፤ ጉሙን እነሱ ቀድመው ይወስዱታል። ከአቧራማ መንገድና ከሰል ከሚከሰልበት ራቁ። ከገደሉ አፍም ቢያንስ 10 ሜትር ግቡ። ጉም ሲወርድ እግራችሁን አታዩም፣ ጀሪካኑን ልታዩ የምትሄዱት ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

3. አጠናዎቹን ትከሉ። 80 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ በድንጋይ አጣብቁ። ምስጥ ካለ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ከመሬት በታች የሚገባውን ብቻ ቀቡ። ከአሸንዳው በላይ ያለው ክፍል ላይ ዘይት፣ ሬንጅም ሆነ ቀለም እንዳይነካ፤ የሚንጠባጠበው ሁሉ ጀሪካን ውስጥ ነው የሚገባው። ሁለቱ አጠናዎች ነፋሱን ፊት ለፊት በሚገጥም መስመር ላይ ይቁሙ።

4. መረቡን ፍሬሙ ላይ ወጥሩ። ለሁለት እጠፉት፣ ዙሪያውን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በሽቦ ስፉት። ድርብ የሚሆንበት ምክንያት አለው፦ ነፋስ ሲመታቸው ሁለቱ ድር እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ የተጣበቀው ጠብታም ቶሎ ይራገፋል። በእጃችሁ ስትመቱት እንደ ከበሮ ባይጮህም መላላት የለበትም። የላላ መረብ ሆዱ ይነፋል፣ ውሃውም ከሆዱ ላይ መሬት ይንጠባጠባል።

5. ፍሬሙን ስቀሉ። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ይበል። መሬት አጠገብ ነፋሱ ደካማ ነው፣ አቧራውም ብዙ ነው። ሁሉም ሰው በዚህ ከፍታ ከለካ ደግሞ የእናንተን ቁጥር ከሌላ ቦታ ጋር ማወዳደር ይቻላል።

6. አሸንዳውን ግጠሙ። እዚህ ጋ እኔ ራሴ የተታለልኩበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሠራ አሸንዳውን ልክ ከመረቡ ሥር፣ በቱንቢ ለክቼ አሰርኩት። ሌሊቱን ሙሉ ጉም ሲያልፍ አድሮ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አገኘሁ። ተስፋ ቆርጬ ልነቅለው ስል ከመረቡ ጀርባ ያለው ሣር ጫማዬን አራሰው፤ አንድ ክንድ ስፋት ያለው መሬት ጭቃ ሆኗል። ነፋሱ የሚወርደውን ጠብታ ወደ ኋላ እየገፋ ከአሸንዳው ውጪ ሲጥለው ነው ያደረው። ስለዚህ አሸንዳውን ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል አውጡት። ከስፋቱ ሁለት ሦስተኛው ከመረቡ ጀርባ ይሁን፣ ከመረቡ ጠርዝም እጅግ አይራቅ። ወደ ጎማው በኩል በአንድ ሜትር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በውሃ ልክ አረጋግጡ፣ በዓይን አትመኑ።

7. ጎማውንና ጀሪካኑን አገናኙ። ጎማው የሚገባበትን አፍ ዙሪያውን በላስቲክ አስሩ፤ ትንኝና አቧራ እንዳይገባ። ትንሽ የአየር ቀዳዳ ግን ይኑር፣ አለበለዚያ ውሃው ይታፈናል። ጀሪካኑን በድንጋይ ከልሉት። ዝንጀሮ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ ክዳኑንም እሰሩ፤ የሚገርም ነገር አለ ብለው መጥተው ይፈታሉ።

8. በካስማና በገመድ ከፊትና ከኋላ ወጥሩ። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ጣርማ በርን የሚያውቅ ነፋሱንም ያውቃል።

9. አንድ ብርጭቆ ውሃ መረቡ ላይ ረጭታችሁ መንገዱን ተከተሉ። የሚያፈስ መጋጠሚያ ካለ አሁን ይታያል።

መለካትና መወሰን

በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ለኩና ጻፉ። ዜሮ የሆነበትንም ቀን ጻፉ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ሃይላንዱ ውስጥ ውሃ ካገኛችሁ ዝናብ ዘንቧል ማለት ነው፣ ያንን ቀን ለብቻው ምልክት አድርጉበት። ቢያንስ ደረቁን ወቅት ሙሉ ለኩ። ዓመት ብትለኩ ይሻላል፤ የአንዱ ወር ጉም የሌላውን አይናገርምና።

ለምሳሌ በ30 ቀን ውስጥ 11 ቀን ጉም መጣ፣ በድምሩ 42 ሊትር ተገኘ እንበል። ብዙ ሰው «በቀን 4 ሊትር ይሰጣል» ይላል። አይደለም፤ 42 ለ30 ሲካፈል 1.4 ሊትር ነው። በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሚፈልግ ቤተሰብ ወደ 15 ካሬ ሜትር መረብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ደብተሩ ላይ ረጅሙን የዜሮ ሰልፍ ፈልጉ። ተከታታይ ዘጠኝ ቀን ጉም ካልመጣ 180 ሊትር ማጠራቀሚያ ያስፈልጋችኋል፣ ማለትም የምግብ ደረጃ ያለው ባለ 200 ሊትር በርሜል ወይም ትንሽ ሮቶ። የመረቡ ስፋት ከአማካዩ፣ የበርሜሉ ልክ ከዜሮዎቹ ነው የሚወጣው።

አማካዩ ከ1 ሊትር በታች ከሆነ እኔ ብሆን አልተክልም። ቦታውን ሁለት መቶ ሜትር ወዲያ ወዲህ አድርጌ እንደገና እሞክራለሁ፤ አንድ ኮረብታ ላይ እንኳ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥሩ በሚባሉ ቦታዎች፣ ቺሊና ሞሮኮ ተራሮች ላይ ጭምር፣ በካሬ ሜትር በቀን ጥቂት ሊትር ነው የሚገኘው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባላችሁን ሰው ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ትልቁን መትከል

ቁጥሩ ካበረታታችሁ በቀጥታ ወደ 40 ካሬ ሜትር አትዝለሉ። 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ 12 ካሬ ሜትር መረብ አንድ ቤተሰብ ራሱ ተክሎ ራሱ ሊጠግነው ይችላል። ሁለተኛውን በኋላ ጎኑ ትጨምራላችሁ። አሠራሩ ያው ነው፣ የሚለየው ጉልበቱ ነው።

ነፋስ በሰከንድ 20 ሜትር ሲነፍስ ድፍን ግድግዳን በካሬ ሜትር ወደ 24 ኪሎ ይገፋል። 12 ካሬ ሜትር ላይ ይህ ወደ 290 ኪሎ፣ 40 ካሬ ሜትር ላይ ደግሞ ወደ አንድ ቶን ነው። መረብ ስለሚያሳልፍ ከዚህ ያንሳል፣ ግን እናንተ በሙሉው አስቡት። ስለዚህ፦

10. 6 ሜትር ቋሚ ተጠቀሙ፣ 1 ሜትሩን ቅበሩ። ከእያንዳንዱ ቋሚ ጫፍ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ጎንም የሽቦ ገመድ ወጥሩ፣ መሬት ላይ ከቋሚው ቁመት ያላነሰ ርቀት ሄዶ በትልቅ ድንጋይ ወይም በተቀበረ ግንድ ይታሰር። የጓሮ ካስማ እዚህ አይበቃም።

11. መረቡን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በተወጠረ የላይና የታች የሽቦ ገመድ ላይ ስፉት። ማሰሪያው ግን ከገመዱ የሳሳ ይሁን። ማዕበል ሲመጣ ማሰሪያው ተበጥሶ መረቡ እንዲውለበለብ ነው የምንፈልገው። ማሰሪያው ጠንካራ ከሆነ የሚሰበረው ቋሚው ነው፤ ቋሚ ሲወድቅ ደግሞ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል።

12. አሸንዳው 4 ሜትር ስለሚሆን መሃሉ እንዳይጎብጥ በየሜትሩ ከታችኛው ገመድ ጋር እሰሩት። የጎበጠ አሸንዳ ውሃ ያቁራል፣ አልጌ ያበቅላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፋስ ባለበት ቀን መረብ አትስቀሉ። 12 ካሬ ሜትር ጨርቅ ሸራ ነው፤ ከመሰላል ላይ ያወርዳችኋል። ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል። የመብራት መስመር በአቅራቢያው ካለ ቦታውን ቀይሩ።

ውሃውን ለመጠጥ ማድረስ

ጉም ሲመጣ ንጹህ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚቆሽሸው መረቡ ላይ ነው። አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ ነፍሳት። ስለዚህ፦

13. የመጀመሪያውን ጣሉ። ከጥቂት ደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ውሃ መረቡን ያጠበ ውሃ ነው። ከ12 ካሬ ሜትር መረብ የመጀመሪያውን አምስት ሊትር ያህል ለብቻው ያዙና ለከብት ሳይሆን ለአትክልት አድርጉት። ቡናማ ከሆነ ጨምሩ።

14. አጥልሉ። በአራት የታጠፈ ንጹህ ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ይህ ቆሻሻውን ያወጣል፣ ጀርሙን አይገድልም፤ ሁለቱን አታምታቱ።

15. አክሙ። ወይ አፍሉ፣ ወይ ክሎሪን ጨምሩ። ውሃ አጋርም ሆነ የክሎሪን እንክብል ብትጠቀሙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተሉ፣ 30 ደቂቃም ጠብቁ። የምታፈሉ ከሆነ ደጋ መሆናችሁን አትርሱ፤ 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚባለው ዘዴ ስድስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጉም አገር ላይ እሱን አትደገፉበት።

16. ክዳን ባለው፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ አስቀምጡ። እጅና ጣሳ የማይገባበት፣ ቧንቧ ያለው ይሁን።

ለጎረቤት ወይም ለትምህርት ቤት የምታካፍሉ ከሆነ መጀመሪያ ናሙናውን አስመርምሩ፤ የት እንደሚመረመር የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መረቡን ነፋሱን በጎን እንዲቀበል መትከል። ጥቁር ሽቦ መጠቀም፤ በአንድ ክረምት ይዝግና ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል፣ መረቡንም ይቆርጠዋል። አሸንዳውን ለወራት አለመክፈት። የተቀደደች ትንሽ ቀዳዳን «ነገ» ማለት፤ በነፋስ ቀን እጅ የምታህለው በር ታህላለች። በወር አንድ ጊዜ መረቡን በንጹህ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፣ ሳሙና አያስፈልግም። ክሩ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት መርገፍ ከጀመረ ፀሐይ በልቶታል፤ ቀይሩት፣ ስብርባሪውን ነው የምትጠጡት።

የቀሩ ጥያቄዎች

የኤሲ ውሃ ይጠጣል? አይጠጣም። ከአየር የወጣ ውሃ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን የሚንጠባጠበው አቧራና ሻጋታ ባለበት የብረት መጠምጠሚያ ላይ ነው፤ ያ ክፍል ለመጠጥ ተብሎ አልተሠራም። አበባ አጠጡበት፣ ወለል እጠቡበት።

ጉም የለንም፣ ጤዛ ግን አለ? ጤዛ ይሰበሰባል። ነጭ ላስቲክ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ ከሥሩ ደረቅ ጭድ አድርጋችሁ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ዘርጉ። ጭዱ የመሬቱ ሙቀት ላስቲኩን እንዳያሞቀው ነው። ግን በካሬ ሜትር ከሩብ ሊትር ብዙም አትጠብቁ፤ ለችግኝ ይሆናል እንጂ ለቤተሰብ አይበቃም።

አየር አቀዝቅዞ ውሃ የሚያወጣው ማሽንስ? ይሠራል፤ አየሩ እርጥብና ሞቃት በሆነበት፣ መብራትም በማይቋረጥበት። አየሩ ሲደርቅ የሚወጣው ውሃ እያነሰ ይሄዳል፣ የመብራት ቆጣሪው ግን መዞሩን አይተውም።

የጉም ውሃ ማዕድን የለውም፣ አይጎዳም? ጣዕሙ ለምላስ ባዶ ይመስላል፣ ማዕድኑን ግን በዋናነት ከምግብ ነው የምናገኘው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት ጥርስ የሚያበላሽበት ቦታ ላላችሁ እንዲያውም ይህ ባዶነት ጥቅም ነው፤ ችግሩ እዚያ ታች ጉም አለመኖሩ ነው።

«የኔ ቦታ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ለምትጽፉልኝ፦ የቦታውን ፎቶ አትላኩ፣ ከፎቶ ምንም አልናገርም። የ30 ቀን ደብተራችሁን ላኩልኝ፣ ዜሮዎቹን ጨምሮ።